ከስሜ አጠገብ የተጻፈችው ቃል

ለምወድሽ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ለማውረድ በዚያ አሮጌ ወንበር ላይ መንጠልጠሉን ተይ ብዬሽ ነበር፤ መቼም ታናሽ መክራ ታላቅ ሰምታ አታውቅም። እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ «ደኅና ነኝ» እያለች ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች? አባባን ያ ሳል ለቀቀው? ማሙሽ ደብተሩን ያዘ ወይስ አሁንም ኳሱን? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንስ ከእማዬ ጋር ታረቁ ወይስ ገና በአጥር እየተገላመጡ ይተላለፋሉ? ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያድርግልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ፤ እጆቼ ሁለት ናቸው፣ ጣቶቼም ዐሥር። ይህን ለወግ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት። እኔ «ሃሎ» ከማለቴ እሷ «ምን ሆነሻል?» ትላለች፤ ከዚያ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ይናወጣል። አብራኝ የምትሠራው ያገራችን ልጅ ነገ ማታ ለዕረፍት ትመጣለች፤ ይህን በሷ ልኬዋለሁ። ቤት ሳይሆን ቢሮሽ መጥታ በእጅሽ ነው የምትሰጥሽ። በሩን ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

እታለሜ፣ ፈርቻለሁ። ከፈራሁ ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኔ ነው። እህል አይወርድልኝም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። አውቃለሁ፣ «ደንባራዋ ምን አዲስ ነገር አላት» ማለትሽ አይቀርም። ስም ይወጣል ከቤት ይቀበላል ጎረቤት፤ እናንተ ደንባራዋ ብላችሁ ሰፈሩ ሁሉ ተቀብሏችኋል። ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ አልጋ ሥር የምገባ፣ የራሴን ጥላ አይቼ እንስራ የሰበርኩ እኔው ነኝ። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት ይባል የለ? ቃጭሉን አሁን አሰሩልኝ።

ቃጭሉ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። «ሚሊታንት» ትባላለች። አንቺ ስንቱ ወረቀት በእጅሽ ያልፋል፣ አይተሻት ይሆናል። እኔ ከነመኖሯም አላውቃትም ነበር። አሁን ከስሜ አጠገብ ተጽፋ ፋይሌ ውስጥ ተቀምጣለች። ፋይል ውስጥ የገባች ቃል ምን እንደምታደርግ ደግሞ እኔና አንቺ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ከመነሻው ላውራሽ። የምሠራበት አዳራሽ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ነው ብዬሽ ነበር። እኔ ያለሁት መተኮሻው ላይ ነው። ሁለት የጋሉ ትልልቅ በርሜሎች ጎን ለጎን ይሽከረከራሉ። እርጥቡን አንሶላ አራት ሴቶች ሆነን ጠርዝ ጠርዙን ይዘን እናቀርብላቸዋለን፣ በርሜሎቹ ይጎትቱታል፣ በወዲያ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ጩኸቱ አይጣል ነው፤ ጎንሽ ያለችው ብትጣራ አትሰሚያትም። ስለዚህ የምንግባባው በጠረጴዛው ነው። አንዷ የብረቱን ጠረጴዛ በመዳፏ ጧ ታደርገዋለች፤ ንዝረቱ በሁላችንም ክርን ይሰማል፤ ያኔ እኩል እንለቃለን። ጧ ሳይል አንሶላ የሚለቅ የለም። አንዷ ቀድማ ከለቀቀች የሌላዋ እጅ ከጨርቁ ጋር ይሄዳላ! መቺዋ እኔ ነኝ። እማዬ «የአባትሽ አካፋ» የምትለው መዳፍ እዚህ ሥራ አገኘ።

ከበርሜሎቹ ፊት አንዲት ቀጭን ብረት አለች። እጅ ሲነካት ማሽኑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጋ የተሠራች ናት። ችግሩ ጨርቅም ሲነካት ታቆመዋለች፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ ታቆመዋለች። ተቆጣጣሪያችን ደግሞ ከአፉ «ቶሎ፣ ቶሎ» ከሚለው ሌላ አይወጣም፤ እኔና ያገሬ ልጅ በመሃላችን ቶሎቶሎ ነው የምንለው። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ብረቷን ወደ ላይ ሰቅሎ በሽቦ አስሯታል። ሁላችንም አየን። ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ጠረጴዛዬን መታሁ።

ሽቦው በታሰረ በስድስተኛው ቀን ነው። ከኔ ፊት ለፊት የምትቆመው ሴት ረጅሟ ነው የምንላት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ድምፁ ባይሰማም ከንፈሯን አያታለሁ። ጧ አደረግኩ፣ ለቀቅን፣ የሷ እጅጌ ግን ከአንሶላው ጫፍ ጋር ተጠቅልሎ ነበር። ከንፈሯ ሲቆም አየሁ። እጇ ብረቷ መኖር በነበረባት ቦታ አልፎ ገባ። የሚያቆመው ነገር የለም። ቀዩን ቁልፍ ማን እንደመታው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ እንዳልሆንኩ ግን አውቃለሁ። እኔ መዳፌ ጠረጴዛው ላይ እንደተለጠፈ ቆሜ ነበር።

ረጅሟን አወጧት፣ መኪና መጥቶ ወሰዳት። ቶሎቶሎ መኪናው ሳይደርስ ሽቦውን በመቁረጫ ቆርጦ ጠረጴዛው ሥር ወረወረው፣ ብረቷንም ወደ ቦታዋ አወረዳት። ከዚያ በርሜሉን አስጠረገና፣ ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ፣ ሆስፒታሉ አንሶላ ይጠብቃል፣ ቀጥሉ አለ። ማሽኑ ተነሳ። በረጅሟ ቦታ ሌላ ሴት ቆመች። ሁሉም ጠርዝ ጠርዙን ያዘና እኔን አየኝ።

እታለሜ፣ እጄ አልነሳ አለ። ፈጣሪ ይመስክርብኝ፣ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም። ላነሳው እፈልጋለሁ፣ አይነሳም። ከመታሁ ደግሞ የአንዷ እጅ የሚገባ መሰለኝ። ቶሎቶሎ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ጮኸ፤ ጩኸቱ ሲበዛ ጭራሽ ደረቅኩ። በመጨረሻ ራሱ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። የሚለቅ ጠፋ። የሱን ምት ማን ያውቀዋል? ሴቶቹ አንሶላውን እንደያዙ እኔን እኔን ያያሉ። አርባ ደቂቃ እንዲህ ቆምን አሉ፤ እኔ ዓመት ነው የመሰለኝ። በኋላ ለዕለቱ ማሽኑን ዘጉት። ወደ ቤት ልሄድ መሐረቤ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል ሽቦውን አገኘሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጓደኞቼ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ ጀግና አሉኝ። እምቢ ብላ አቆመችው ብለው ነው። ፈርቼ ነው ለማለት አፈርኩ። ያ ነው ጥፋቴ፤ እዚያው ብናገር ኖሮ ምናልባት ነገሩ ባልከረረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቢሮ ወረቀት መጣልኝ። ሥራ ሆን ብዬ እንዳቋረጥኩ፣ ሌሎችን እንዳነሳሳሁ፣ ጠባዬም «ሚሊታንት» እንደሆነ ይላል። በዚያው ቀን አዲስ ሽቦ ታሰረ። እኔስ ምን አደረግኩ? መታሁ። እንቅጩን ልንገርሽ ብዬ ነው፣ ሽቦው እያየኝ ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ መታሁ።

የቃሏን ፍቺ ፍለጋ የዞርኩት መዞር ያስቅሻል። መጀመሪያ ያገሬን ልጅ ጠየቅኳት። ስልኳን ከፈተችና ዜና አሳየችኝ፤ ፊታቸውን የሸፈኑ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች በመኪና ላይ ተጭነው፣ ከሥራቸው ያቺው ቃል ተጽፋለች። እኔና እነሱ በአንድ ስም! ዶሮ ስትታረድ ዓይኔን የምሸፍነው እኔ! የዚያን ቀን መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ።

ቀጥዬ አንሶላ የሚያሽጉትን ሽማግሌ ጠየቅኩ። ወረቀቱን አንብበው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። እሳቸውን በወጣትነታቸው እንዲሁ ይሏቸው ነበር አሉኝ፤ የምሳ ሰዓት እንዲሰጣቸው የጠየቁ ጊዜ። ዛሬ ምሳሽን ተቀምጠሽ የምትበዪው በዚያች ቃል ነው፣ ደረትሽ ላይ አንጠልጥያት አሉኝ። አይ አባቴ፣ እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀረዎት፣ እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ሥራ ጋር የታሰረ፤ ምኑን አንጠለጥላለሁ? ይህን በሆዴ ነው ያልኩት፤ በአፌ አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቋንቋ የምታስተምረን መምህርት ናት ደኅና አድርጋ የነገረችኝ። ቃሏ ከወታደር ቤት የወጣች ናት አለችኝ፤ በጥንቱ የሚዋጋ ማለት ነበር። ዛሬ ላመነበት ነገር ፊት ለፊት የሚጋፈጥ፣ የማይለሳለስ፣ አንዳንዴም በኃይል የሚሄድ ሰው ይባልባታል። ጠመንጃ የያዘውም ይባላል፣ ባዶ እጁን ሰልፍ የወጣውም ይባላል፣ ዛፍ አይቆረጥ ብሎ ግንዱን ያቀፈውም ይባላል። ስለዚህ ቃሏን ባየሽ ቁጥር መጀመሪያ ማን እንደጻፋት ጠይቂ አለችኝ። ሰው የወደደውን ቆራጥ ይለዋል፣ ያንኑ ሥራ የሠራውን ያልወደደውን ሰው ደግሞ ሚሊታንት ይለዋል። አንዳንዱ ራሱም ይኮራባታል። ከዚያ፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። የትኛዋም አይደለሁም፣ እኔ ፈሪ ነኝ አልኳት። ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏት።

ቤት ስገባ ባማርኛ ልፈልግላት ሞከርኩ። ታጋይ ብላት ከበረችብኝ። ነውጠኛ ብላት ወረደችብኝ። አክራሪ እንዳልላት እኔ የእማዬን ፈትል እንጂ ምን አክርሬ አውቃለሁ? እንዲህ ሳገላብጣት ሳላስበው አንዲት ቃል ብዕሬ ጫፍ ላይ መጣች፤ ብዕሩን ጣልኩት። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ። አድመኛ።

ልሄድ ስል፣ ዋዜማው ላይ፣ ከጓሮ ልብስ እያሰጣን የነገርሽኝን አልረሳሁም። የድሮው መጋዘን ፋይሎች እናንተ ዘንድ ሲመጡ የአባባን ማግኘትሽን። የሚያፈሰው ጣራ ይጠገን ብለው እሱና ጓደኛው ሚዛን መዛኙ ሠራተኛውን ወክለው ቢጠይቁ፣ ከሁለቱም ስም አጠገብ ያቺ ቃል መጻፏን። ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ሲመለስ ትዝ ይለኛል፤ ጢሙ ወግቶኝ አለቀስኩ። ከፋይሉ መጨረሻ ስላገኘሽው ወረቀት ግን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ «እኔና መዛኙ አድመኞች ነበርን» የሚል፣ ከታች የአባባ ፊርማ ያለበት። እሱ ፈርሞ ወጣ። መዛኙ አልፈረመም፤ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ዛሬም አረንጓዴው በር ያለው ቤት ናት። በአጭሩ መንገድ ገበያ የሚሄድ ሰው በደጇ ነው የሚያልፈው፤ አባባ ግን ሁሌም በወንዙ ዞሮ ይሄዳል። ልጆች ሆነን ወንዙን ስለሚወድ ይመስለን ነበር አይደል?

አባባን አልፈርድበትም። ልፈርድበት ፈልጌ ከነበረም አሁን ተወኝ። ምክንያቱም እኔም የሚፈረም ወረቀት ቀርቦልኛል።

ነገ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። ወረቀቱን ቀድመው ሰጥተውኛል፣ አሁን አልጋዬ ላይ ነው። «በዕለቱ በሚሊታንት ጠባይ ሥራ አውኬያለሁ፣ በመታወኩም የሥራ ባልደረባዬ ተጎድታለች፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ካነበብሽው ይታይሻል፣ አዙረውታል። ረጅሟ የተጎዳችው እኔ ከመደንገጤ በፊት ነው፤ እነሱ ግን መጀመሪያ እኔን አስቀምጠው እሷን አስከትለዋል። ሽቦ የሚባል ነገር የለበትም። ከፈረምኩ ሥራዬም ፈቃዴም ይቀጥላል፤ እሷ ግን ሕክምናውም ካሳውም ይቀርባታል፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለማ። ካልፈረምኩ እኔ እባረራለሁ፤ ቀኑም ሲሞላ ሻንጣዬን ይዤ መውጣት ነው። ያኔ ቃሏ በየሄድኩበት ፋይል ትከተለኛለች። ያባባን ያየ ልጅ ይህን እንዴት አይፈራም?

ትናንት ከትምህርት በኋላ ረጅሟን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ጣት ወስደውባታል፣ ሦስተኛውን ገና እያዩት ነው። አንሶላዋ የኛ ነው፤ ጥግ ላይ ያለውን የማጠቢያችንን ቁጥር አየሁት። እኔው ጧ ያልኩበት ይሆናል። እሷ አላወቀችውም፣ እኔም አልነገርኳት። በደኅናዋ እጇ እጄን ያዘችና፣ ያን ቀን ስለኔ ብለሽ ማሽን አቆምሽ አሉኝ፣ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ አለችኝ። ምን ልበላት? ፈርቼ ነው ሳልላት ትራሷን አስተካክዬላት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እማዬ ይህን ብታነብ ፈርመሽ ነይ ትለኝ ነበር፤ እኔም እሺ እል ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ የወንዙ መንገድ ነው። ሆስፒታሉ ከማጠቢያው ሁለት መንገድ አልፎ ነው ያለው። ከፈረምኩ እኔም ዕድሜ ልኬን ዙሪያውን ልሄድ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም እታለሜ። ነገ እጨርሰዋለሁ።

ሰኞ፣ ከምሳ በፊት።

ሄጄ መጣሁ። አልፈረምኩም። ጀግና ሆነች ብለሽ እንዳትነሺ፤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ኃላፊዋ ብርድ ነው ወይ ብላ መስኮት ዘጋችልኝ። ሽቦውን ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ሥራ ያቆምኩት ፈርቼ ነው፣ አሁንም ፈርቻለሁ፣ የረጅሟን እጅ ያስበላው ግን ይህ ነው፣ እንደሱ ብላችሁ ጻፉ አልኳት። ይህን እንድትዪ ማን መከረሽ አለችኝ። ማንም አልኳት። እስከ ዐርብ ቤትሽ ቆዪ፣ ውሳኔው ይነገርሻል አለችኝ፤ የሆነ ነገርም ጻፈች። ያቺን ቃል ደግማ ጽፋት ይሆናል፤ አንገቴን ባሰግግም አልታየኝም። ስወጣ በአዳራሹ መስኮት በኩል አለፍኩ። ማሽኑ ይጮሃል፣ ሴቶቹ አንሶላውን ይዘው ቆመዋል፣ አዲሷ መቺ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈች በሩን በሩን ታያለች። መዳፏ እስኪነሳ ብጠብቅ አልነሳ አለ። ምን ሊሆን እንደሆነ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ደንግጬ ሮጥኩ።

ዐርብ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ከመጣሁ ጎኔን የማሳርፍበት ቦታ አልጋሽ ላይ አዘጋጂልኝ፣ እንደ ድሮው በእግርሽ እንዳትገፊኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ደኅና ናት በያት፣ ከአንቺ ውሸት አትጠብቅምና ታምንሻለች። ማሙሽን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሰላም በይልኝ፤ ኳሱን ለአንድ ሰዓት ብቻ። ልብስ ሰፊዋን ሰላም በያት፣ እማዬ ሳትሰማ። ያችን የምፈራትን ሽንጠ ረጅም ድመትም ሳሚያት፤ አሁን አሁን ከሷ የባሰ የሚያስፈራ ነገር አይቻለሁ።

ለአባባ ይህን ደብዳቤ አታንብቢለት፤ ስለሽቦውም ስለቃሏም አትንገሪው። ማታ ብቻውን ሲቀመጥ ጠጋ በይና፣ ልጅህ ወረቀት ቀርቦላት አልፈረመችም በይው። ከዚያ ሌላ ምንም አትጨምሪ። በማግስቱ ገበያ ሲሄድ በየትኛው መንገድ እንደሄደ አይተሽ ጻፊልኝ።

የእናንተው ደንባራ

ከማጠቢያው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ግቢውን ከሚያየው ክፍል
ኅዳር 15 ቀን፣ ሰኞ